የሲቢሲ ወረቀት ላይ ያለው «ኖርማል» የማን ነው? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰሞኑን ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ሲቢሲ፣ ማለትም ስለ ደም ሴል ቆጠራ ናቸው። አራቱን ልመልስ።

«ኒውትሮፊሌ 1,300 ሆኖ ከጎኑ ‹ኤል› ተጽፎበታል። የደም ስፔሻሊስት ጋ ላኩኝ። እንቅልፍ አጣሁ።» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

እህቴ፣ ኒውትሮፊል ኢንፌክሽን የሚዋጋ ነጭ የደም ሴል ነው፤ ‹ኤል› ደግሞ ከወሰኑ በታች ማለት ነው። የድሮ ውጤትሽ ስንት ነበር? ቶሎ ቶሎ ኢንፌክሽንስ ይይዝሻል? ጤነኛ ሆነሽ ቁጥሩ ለዓመታት እዚያው አካባቢ ከቆየ፣ ልክሽ እሱ ሊሆን ይችላል። 1,500 የሚለው የታች ወሰን በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች ደም የወጣ ነው። የዘር ሐረጋቸው ከአፍሪካ ወይም ከየመን የሚመዘዝ ብዙ ሰዎች ግን ቀይ የደም ሴላቸው ላይ ዳፊ የሚባለው ፕሮቲን የለም፤ ደማቸው ውስጥ የሚዞረው ኒውትሮፊል አነስ ይላል እንጂ በሽታ የመከላከል አቅማቸው አይደክምም። ቀጠሮሽን አትቅሪ፣ ስትሄጂም ስለ ዳፊ ምርመራ ጠይቂ። በዚህ ቁጥር ምክንያት ኬሞ የሚዘገይባቸው ሰዎች አሉ፣ ይሄ ያሳዝነኛል። ኒውትሮፊልን ሊቀንስ ለሚችለው፣ ክሎዛፒን ለተባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ግን አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች የመነሻ ወሰኑን ወደ 1,000 ዝቅ አድርጋለች።

«ሄሞግሎቢኔ 17.8 ነው። ‹ደምህ በዝቷል› አሉኝ። የደም ብዛት መድኃኒት ልጀምር?» (ከደብረ ብርሃን)

ኧረ እንዳትጀምር! ደም ብዛት የምንለው ግፊቱን ነው፤ ያንተ ሌላ ነገር ነው፣ ሄሞግሎቢን ቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን ነው። ከተማህ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከፍታው ሄሞግሎቢንህን ትንሽ ሊጨምረው ይችላል። ግን ሁሉንም በከፍታ አታሳብ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት ሰሜን ተራሮች አካባቢ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ወንዶችን ለክቶ አማካዩን 15.9 ነው ያገኘው። ታጨሳለህ? ውሃ ሳትጠጣ ነበር የሄድከው? ደግመህ ተመርመርና ሐኪም ይየው።

«የሁለት ዓመት ልጄ ሊምፎሳይት 60 በመቶ ነው፣ ‹ኤች› ይላል።»

ሊምፎሳይትም ነጭ የደም ሴል ነው፣ ‹ኤች› ደግሞ ከወሰኑ በላይ ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ የታተመው የአዋቂ ወሰን ይሆናል። በዚህ ዕድሜ ሊምፎሳይት ከኒውትሮፊል መብለጡ የተለመደ ነው። የልጆች ወሰን ስጡኝ በያቸው።

«የራሳችንን ኖርማል ሬንጅ ማውጣት ብንፈልግ ስንት ሰው ይበቃል?» (የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ከሐዋሳ)

ይሄን ጥያቄ ሳይ ደስ አለኝ። መጀመሪያ የሠራሁበት ላብራቶሪ ወረቀቱ ላይ ያተምነው ቁጥር ከማሽኑ ማኑዋል የተገለበጠ ነበር፤ የማን ደም ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፣ እኔም ጭምር።

ቢያንስ 120 ጤነኛ ወንድና 120 ጤነኛ ሴት ያስፈልግሃል፤ ሄሞግሎቢናቸው ስለሚለያይ ለየብቻ ነው የሚሰላው። ከባዱ «ጤነኛ» የሚለው ነው። ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ፣ ወባና እርግዝና ይጣራል። ሰገራም አትዝለል፤ የአንጀት ትል ያለበት ሰው ሳታውቀው ከገባ ኢኦሲኖፊል የሚባለውን ነጭ የደም ሴል ወደ ላይ ይጎትትብሃል። ደም ለጋሾችን ብቻ አትሰብስብ፣ እነሱ ሲለግሱ ሄሞግሎቢናቸው ታይቶ ያለፉ ናቸው። ሐምራዊ ክዳን ያለውን ቱቦ ወዲያው ስምንት አሥር ጊዜ ቀስ እያልክ ገልብጠው፤ ደሙ ከረጋ ፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚረዳው ሴል) በውሸት ይወርዳል። ከዚያ ውጤቱን በቅደም ተከተል ደርድረህ ከታች 2.5 በመቶ፣ ከላይ 2.5 በመቶ ትቆርጣለህ። ስለዚህ ከ100 ጤነኛ ሰው አምስቱ ምንም ሳይሆኑ ከወሰኑ ውጪ እንደሚወድቁ ለታካሚዎችህ ንገራቸው።

በጀት ከሌለ፣ አካባቢያችሁን በሚመስል ሕዝብ ላይ የተሠራ ወሰን ፈልጋችሁ በ20 ጤነኛ ሰው ሞክሩት። ከሁለት በላይ ሰው ካልወጣበት ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።