ጥያቄና መልስ፦ ካባዋን የምታወልቅ ሎኮሞቲቭ

ጥያቄ፦ ዘመድ ከውጭ የላከልኝ «መርቻንት ኔቪ» የሚባለው የእንግሊዝ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሞዴል አለኝ፤ መጠኑ 1:76፣ ዓይነቱም ጎንና ጎኑ በለስላሳ ካባ የተሸፈነው የመጀመሪያው ነው። ኋላ ታድሶ የወጣውን ማስመሰል እፈልጋለሁ። ከቦይለሩ (ውኃ ከሚፈላበት በርሜል) ልጀምር?
(ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)

መልስ፦ አይጀምሩ። ካባው ሲቆረጥ ከሥሩ የሚገኘው ቦይለር ሳይሆን ሞተርና የብረት ክብደት ነው። ከባዱ ሥራም ያለው ከታች፣ መንኮራኩሮቹ ዘንድ ነው።

መሐንዲሱ ኦሊቨር ቡሊድ እ.ኤ.አ. በ1941 ባወጣው በዚህ ሎኮሞቲቭ ላይ የእንፋሎት ቫልቮቹን የሚነዳው ሰንሰለት በዘይት ገንዳ ውስጥ ተደብቆ ነበር። ከ1956 እስከ 1959 የዚህ ዓይነት ሠላሳዎቹም ሎኮሞቲቮች በመሐንዲሱ ጃርቪስ ንድፍ ሲታደሱ ካባውም ሰንሰለቱም ተነሥተው ቫልቮቹን የሚነዳ ዋልሻርትስ የሚባለው የዘንጎች ስልት ገባ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጎን ሪተርን ክራንክ (በመንኮራኩሩ ክራንክ ፒን ጫፍ ላይ የሚታሰር ትንሽ ክንድ)፣ ኤክሰንትሪክ ሮድ፣ ኤክስፓንሽን ሊንክ፣ ራዲየስ ሮድና ኮምቢኔሽን ሊቨር የሚባሉትን ክፍሎች መጨመር አለብዎ። የታደሰው ሞዴል መለዋወጫ ከተገኘ ያስልኩ፤ ብዙ ድካም ይቀራል። ካልተገኘ ከ0.4 ሚሊ ሜትር የናስ ላሜራ ይቁረጡ። የግራና የቀኙን ቁራጭ ደራርበው በሊድ (በብየዳ ማቅለጫ) ካጣበቁ በኋላ አንድ ላይ ይብሱ፤ ቀዳዳዎቹ ካልገጠሙ አንዱ ጎን ሁልጊዜ ይነክሳል። መጋጠሚያው በልብስ ሰፊ መርፌ ቁራጭ ይታሰራል፤ ሊዱ ዘንጎቹን እንዳያጣብቃቸው በመካከላቸው ዘይት የነካው ስስ ወረቀት ያስገቡ።

ዋናው የክራንክ ፒን ከታች ሲሆን የሪተርን ክራንኩ ፒን ከአክስሉ ጋር እኩል ከፍታ ላይ መዋል አለበት፤ በሁለቱም ጎን አቅጣጫው አንድ ነው፣ የትኛው እንደሆነ ከጎን ከተነሣ ፎቶ ይዩ። ወደ ፊት ሲሄድ ለስላሳ ሆኖ ወደ ኋላ ሲመለስ የሚይዝ ከሆነ ይህ ክራንክ ተንሸራቶ ሊሆን ይችላል። አንድ ዘንግ በጨመሩ ቁጥር በእጅ አዙረው ይፈትሹ፤ ሁሉንም ገጥሞ መፈተሽ ግን ጥፋቱን ያደባልቃል። የእውነተኛው ሎኮሞቲቭ ክራንኮች እርስ በርስ በ120 ዲግሪ፣ የሞዴሉ በ90 ዲግሪ የተራራቁ ናቸው፤ እሱን አይንኩ።

ቦይለሩ ከኤሌክትሪክ መስመር ፕላስቲክ ቱቦ ይወጣል፤ ቱቦው ቀጥ ያለ ስለሆነ ወደ ኋላ እንዲሰፋ 0.25 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ሉህ ይጠቅልሉበት። የጭስ መከላከያ ክንፎቹን ግን ከናስ ይሥሩ፤ ስስ ፕላስቲክ ይጠመዘዛል። የነጂውን ክፍል አይጣሉት።

ጥያቄ፦ በሞዴሌ ቦይለር ውስጥ ለክብደት የመረብ ማስመጫ እርሳስ ቆራርጬ በነጭ የአናጢ ኮላ አጣበቅሁ። ክረምቱ ሲወጣ ቦይለሩ ተሰነጠቀ።
(ከጎርጎራ)

መልስ፦ ኮላው የሚያወጣው አሲድ እርሳሱን ይበላዋል፤ የሚፈጠረው ነጭ ዱቄት ከእርሳሱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቦይለሩን ይገፋዋል። ክረምት ደግሞ እርጥበቱን ይጨምርበታል። ሁሉንም አውጥተው በኢፖክሲ ይተኩት። ክብደቱ በመካከለኛው መንኮራኩር ላይ ይረፍ፤ ሎኮሞቲቩን እዚያ ቦታ ላይ በክር ሲያንጠለጥሉት ካልጋደለ ልክ ነው። እርሳሱን ወጥ ቤት ውስጥ አያቅልጡ፤ እጅዎንም ይታጠቡ።

ጥያቄ፦ በነሐሴ የረጨሁት ቀለም ለምን ነጭ ጉም አወጣ?
(ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ቲነሩ ሲተን የቀለሙን ፊት ያቀዘቅዘዋል፣ እርጥብ አየሩም እዚያ ይጤዛል። ጥቅምትን ይጠብቁ፤ የግድ ከሆነ ዝናብ በሌለበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ በስሱ እየደጋገሙ ይርጩ። የመኪና ቀለም ቲነር ፕላስቲክ ስለሚያቀልጥ የመጀመሪያዎቹ ርጭቶች ሲያርፉ ደርቀው የሚደርሱ ያህል ስስ ይሁኑ።