ዝነኛ ሰው ዕጩ ሲደግፍ እንዴት ይዘገብ? ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ላይ ዜና መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በምርጫ ቅስቀሳ ስለሚወጡ ዘፋኞችና ስፖርተኞች፣ እኛ ጋዜጠኞችም እንዴት እንደምንዘግባቸው የምችለውን እመልሳለሁ። ማንን እንደምመርጥ ግን አትጠይቁኝ።

የጣና ልጅ፦ ጋሼ፣ የዝነኛ ድጋፍ ድምፅ ያመጣል?

መልስ፦ በየትኛው ምርጫ? ለማን? በደፈናው አትጠይቁኝ። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካዊቷ የቴሌቪዥን አዘጋጅ ኦፕራ ዊንፍሬይ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረውን ባራክ ኦባማን ደገፈች። ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች መጽሔቷ በብዛት የሚሸጥባቸውን አካባቢዎች አይተው በፓርቲው የውስጥ ምርጫ አንድ ሚሊዮን ገደማ ድምፅ አስገኝታለታለች ብለው ገመቱ። ዘፋኟ ቴይለር ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካዋ ቴነሲ ግዛት የደገፈችው የሴኔት ዕጩ ግን ተሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ2024 የፕሬዚዳንት ዕጩዋን ካማላ ሃሪስን ስትደግፍ ባጋራችው ሊንክ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ400,000 በላይ ሰው የመራጮች ምዝገባ ድረ ገጽን ከፈተ፤ ሃሪስም ተሸነፈች። ድረ ገጽ መክፈት መመዝገብ አይደለም፣ መመዝገብም መምረጥ አይደለም። ዜና ላይ ሦስቱን አታደባልቁ።

ቤዛዊት፦ የእኛ ሕግስ?

መልስ፦ የምርጫ አዋጅ 1162/2011ን አንብቢ። ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት የጥሞና ጊዜ አለ፤ በዚያ ጊዜ ቅስቀሳ የለም።

ሰባታሚት፦ ሕዝቡ ነቅሎ መውጣቱ ራሱ ድጋፍ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። ይህን የተማርኩት ከራሴ ስሕተት ነው። አንድ ጊዜ ሐይቁ ዳር የቅስቀሳ መድረክ ተተክሎ ታዋቂ ዘፋኝ መጣ። ሜዳው ጢም አለ። እኔም «ከፍተኛ የሕዝብ ድጋፍ» ብዬ ጽፌ ላክሁ። ዕጩው ማይክ ሲይዝ ሰዉ መበተን ጀመረ። ማገዶ ሸጦ የሚመለስ አንድ ሰው የደንገል ታንኳውን ገመድ ሲፈታ «ዕጩውን አይሰሙትም?» አልኩት። «የምን ዕጩ? እኔ ለዘፈኑ ነው የቆምኩት፤ ነፋሱ ሳይነሣ ልሻገር» አለኝ። ዜናው ወጥቶ ነበር፤ ማስተካከያ አለማውጣቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ከመድረኩ ሥር አልቆምም። ሰዉ መሐል ገብቼ «ማንን ልትሰሙ መጣችሁ?» ሳልል ድጋፍ የሚል ቃል አልጽፍም። ደግሞም የተከፈለውን ጠይቁ! ዘፋኙ ተከፍሎት ከሆነ ሥራ ነው የሠራው፤ አንባቢው ይህን የማወቅ መብት አለው።

የጣና ልጅ፦ የጣና ሞገዶቹ፣ የእግር ኳስ ክለባችን የባሕር ዳር ከተማ፣ ተጫዋች ቢደግፍ ግን ከተማው ሁሉ ይከተለዋል።

ሰባታሚት፦ ኳስን ከፖለቲካ አታገናኝ ወንድሜ።

የጣና ልጅ፦ ተጫዋች ዜጋ አይደለም?

ሰባታሚት፦ ነው፤ ግን ስታዲየም የምገባው ለባሕር ዳር ከተማ እንጂ ለፓርቲ አይደለም።

መልስ፦ በቃ፣ ወደ ጉዳዩ። ዜጋ ነው፣ ይናገር፤ በራሱ ልብስ ይናገር። ማልያው የደጋፊው ሁሉ ነው። ፎቶ ስትመርጡ ይህን አስተውሉ።

ቀበሌ 14፦ ታዲያ ድምፅ ያመጣል ወይስ አያመጣም?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። አንብብ።

ቤዛዊት፦ ቴሌግራም ላይ አንድ አትሌት ደገፈ የሚል ፎቶ ቢደርሰኝስ?

መልስ፦ ከራሱ ገጽ ወይም ከራሱ አፍ ካልሰማሽ አትጻፊ። በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. የስዊፍት አድናቂዎች ትራምፕን እንደደገፉ የሚያስመስሉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ ምስሎችን ያጋራው ራሱ ትራምፕ ነበር። ደውዪ፣ አረጋግጪ፣ የተከፈለውን ጠይቂ።

ሰባታሚት፦ ርዕሱን እንዴት እንጻፈው?

መልስ፦ «ዘፋኙ በተከፈለበት መድረክ ዕጩውን እንደሚደግፍ ተናገረ»። ክፍያ ከሌለም «ያለ ክፍያ መሆኑን ገልጿል» በሉ። «ከተማዋ ደገፈች» የሚለውን ለቆጠራው ቀን አቆዩት።