አቅራቢውን ልጠይቅ ወይስ ሥሩን?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች የድረ ገጽን ስም ወደ አይፒ ቁጥር ስለሚቀይረው ዲኤንኤስ ናቸው።

ካፌዬ ውስጥ የኢንተርኔት አቅራቢዬ ዲኤንኤስ አልፎ አልፎ ይቆማል። አንባውንድ የተባለውን የዲኤንኤስ ሶፍትዌር በራሴ ማሽን ላይ ጭኜ፣ የስም ፍለጋ የሚጀምርባቸውን ሩት (ሥር) ሰርቨሮች በቀጥታ ብጠይቅ ይፈጥንልኛል?

አይፈጥንም፤ መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ይዘገያል። ሩት ሰርቨር የገጹን አድራሻ አያውቅም። «የነጥብ ኮም ሰዎችን ጠይቅ» ይላል፤ እነሱም ወደ ስሙ ባለቤት ሰርቨር ይመራሉ። ጉዳይ ለማስፈጸም ከቢሮ ቢሮ እንደመመላለስ ነው። የአቅራቢዎ ሰርቨር ግን ሌላ ደንበኛ ቀድሞ የጠየቀውን መልስ ይዞ ይጠብቅዎታል። አንባውንድን ጭነው ዲግ በሚባለው ትእዛዝ አንድን ስም ሁለት ጊዜ አከታትለው ይጠይቁ፦ የመጀመሪያው በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ሊፈጅ ይችላል፣ ሁለተኛው ግን መልሱ ተይዞ ስለሚጠብቅ ወደ 0 ይጠጋል። የነጥብ ኮም ሰርቨሮች ዝርዝርም ለ2 ቀን ስለሚቀመጥ ሩቱን ደጋግሞ ማስቸገር የለም። የአቅራቢዎ ዲኤንኤስ እየቆመ ካስቸገረዎት ይሞክሩት። ደህና ከሆነ ግን ባይነኩት እመርጣለሁ።

ሩት ሰርቨሮች 13 ብቻ ናቸው ይባላል። ቢወድቁስ?

13ቱ ስሞች ናቸው፣ ከኤ እስከ ኤም። ማሽኖቹ በየአገሩ ከሺህ በላይ ናቸው። ስለዚህ ስጋት አይግባዎት።

አንባውንድን የምፈልገው የምጎበኛቸውን ገጾች አቅራቢዬ እንዳያውቅብኝ ነው።

እህቴ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ወደ ሩት የሚሄደው ጥያቄ የሚወጣው በዚያው አቅራቢ መስመር ነው፣ ያውም ሳይመሰጠር። የዲኤንኤስ ጥያቄዎን ከአቅራቢዎ መደበቅ ከፈለጉ 9.9.9.9 ወይም 1.1.1.1 የተባሉትን ለሁሉም ክፍት የሆኑ የዲኤንኤስ አገልግሎቶች በተመሰጠረ መንገድ ይጠቀሙ። ያን ጊዜ ደግሞ ጥያቄዎን የሚያዩት እነሱ ናቸው፤ ማንን እንደሚያምኑ እርስዎ ይወስኑ።

አንባውንድን ራስበሪ ፓይ በተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ጭኛለሁ። መብራት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ሲመጣ ዋይፋዩ አለ፣ ገጽ ግን አይከፈትም።

ሰዓቱን ይመልከቱ! ብዙዎቹ ፓይዎች ባትሪ ያለው ሰዓት የላቸውም፤ ሲነሱ ቀኑ ወደኋላ ቀርቶ ያገኙታል። አንባውንድ ደግሞ መልሱ ሐሰተኛ አለመሆኑን የሚያረጋግጡትን የዲኤንኤስ ፊርማዎች ሲያጣራ ቀናቸው ገና ያልደረሰ ይመስለውና መልሱን ይጥላል። ፓይው ሰዓቱን ለማስተካከል የሰዓት ሰርቨሩን ስም መፈለግ አለበት፤ ስሙን ደግሞ አንባውንድ አይሰጠውም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከሰዓት ሰርቨሮቹ አንዱን በስም ሳይሆን በአይፒ ቁጥር ያስገቡ፣ ወይም ባለባትሪ የሰዓት ሞጁል ገዝተው ይሰኩበት።