ሕግን ስንተኛ ልሙላው?

ሕግ ለመማር ለምታስቡ ልጆች፣

የጎረቤቴ ልጅ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ናት። እሑድ ቡና ላይ ተቀምጠን፣ «ጋሼ፣ ዲፓርትመንት ልንሞላ ነው። ሕግን ስንተኛ ላድርገው?» አለችኝ። «አንደኛ» ወይም «ተዪው» እንድላት ነበር የጠበቀችው። እኔ ዝም አልኩ። እናቷ ያልሰማሁ መስሏት ጥያቄውን ጮክ ብላ ደገመችልኝ። ሰምቻለሁ። ሌላ ሰው ትዝ ብሎኝ ነው።

ያ ሰው ራፖር ጸሐፊ ነበሩ። የዛሬ ልጆች ላታውቁት ትችላላችሁ። ራፖር ጸሐፊ ማለት ፍርድ ቤት በር ላይ ጠረጴዛና ታይፕ ይዞ የባለጉዳይ አቤቱታ የሚጽፍ ሰው ነው። ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን የፍርድ ቤቱ ሥራ በአማርኛ ነበር። ከገጠር የሚመጣው ገበሬ ደግሞ አብዛኛው የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። በሁለቱ መሀል የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ። እኛ ልጆቹ «ጋሼ ራፖር» እንላቸው ነበር። ከትምህርት ቤት ስወጣ እሳቸው ጋ እየሄድኩ ካርቦን አቀብላለሁ፣ ወረቀት እደረድራለሁ። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላውን እይዛለሁ። የጅማ ዝናብ መቼም ቀጠሮ አያከብርም። ጃንጥላው የሚያዘው ግን ለእሳቸው ሳይሆን ለታይፑ ነበር። ሁለታችንም እንበሰብሳለን።

አንድ ቀን አንድ የቡና ገበሬ መጡ። የጎረቤታቸው በሬዎች የቡና ችግኛቸው ውስጥ ገብተው ረጋግጠውታል። ሰውዬው ነገሩን የጀመሩት ከአያታቸው ነው። አያታቸው ከጎረቤቱ አያት ጋር በወሰን ተጣልተው እንደነበር፣ ማን እንዳስታረቃቸው፣ ምን እንደታረደ፣ ሁሉንም ተረኩ። ጋሼ ራፖር ጣታቸውን ከታይፑ ላይ አነሱ።

«ታሪኩን እሰማሃለሁ። መጀመሪያ ግን ዳኛው ምን እንዲያደርግልህ ነው የምትፈልገው? ካሳ ነው? ወሰኑ ነው? ወይስ ሰውዬው ይቅርታ እንዲልህ?»

ገበሬው ብዙ አሰቡ። «በሬዎቹ ሁለተኛ እንዳይመጡ ነው» አሉ።

«እሱን እንኳ ፍርድ ቤት አይሰጥህም። አጥር ነው የሚሰጥህ።»

ተሳሳቁ። ከዚያ ሥራ ተጀመረ። ዓመት የሞላው ችግኝ ስንት ነው? ሁለት ዓመት የሞላውስ? ያየ ሰው አለ? ቀኑ ገበያ የዋለበት ነበር ወይስ ሌላ? ጋሼ ራፖር ይጠይቃሉ፣ ገበሬው በጣታቸው ይቆጥራሉ። ለእንስሳው ጥፋት ባለቤቱ ኃላፊ ነው የሚለውን ቁጥር መጽሐፍ ሳይገልጡ ነበር የመቱት፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071። የሕጉ መጽሐፍ ከጠረጴዛው ሥር አለ። ሽፋኑ ከወለቀ ቆይቷል፣ ጀርባው በጆንያ ክር ተሰፍቷል። ሬኔ ዳቪድ የሚባሉ ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር ያረቀቁት፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ 3367 ቁጥር ያለው ሕግ ነው። ዛሬም የምንሠራበት እሱ ነው፤ እርግጥ የቤተሰቡን ክፍል የመሳሰሉት ተተክተዋል። አርቃቂው ጅማ ላይ አንድ ሰው ዝናብ እየደበደበው በቃሉ ይጠቅሰዋል ብለው ያሰቡ አይመስለኝም።

ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ክስ አጻጻፍ ስማር መምህሩ ቦርዱ ላይ «የሚጠየቀው ዳኝነት» ብለው ጻፉ፤ ከሳሹ ዳኛው እንዲያደርግለት የሚፈልገው ማለት ነው። ክፍሉ ሁሉ ደብተሩ ላይ ገለበጠ። እኔ አልጻፍኩም። ያንን እዚያ ጃንጥላ ሥር ጨርሼው ነበር።

ጋሼ ራፖር ሕግ በማታ የመማር ምኞት ነበራቸው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰዋል፣ ማትሪክም ተፈትነዋል። አንድ ዓመት ብር አጠራቅመው፣ ሙሉ ልብሳቸውን አስተኩሰው አዲስ አበባ ሄዱ። ሰነዳቸው ሲታይ የአያታቸው ስም ማትሪኩ ላይ አንድ ዓይነት፣ የቀበሌ መታወቂያው ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። አስተካክለው እንዲመጡ ተነገራቸው። ማስተካከል ማለት ደግሞ ምስክር ማቅረብ፣ ውሳኔ ማግኘት፣ ማህተም ማስመታት ነው። ምዝገባው አልፎ ቀረ። ልብ በሉ፣ የጅማን ሰው ስም ማስተካከያ ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩት እኒሁ ሰው ናቸው። በተከታዩ ዓመት ለምን እንደማይሄዱ ስጠይቃቸው፣ «ቡናው ይግባና» አሉኝ። ቡናው ገባ፣ ደግሞም ገባ። እሳቸው አልሄዱም።

እኔን ግን ማትሪክ ከመፈተኔ በፊት ያዙኝና ሰነዴን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው መረመሩት። የኔ አያት ሙሐመድ ናቸው። በላቲን ፊደል ሙሐመድን ስንት ዓይነት አድርጎ መጻፍ እንደሚቻል የጅማ ልጅ ያውቀዋል። አንዱን መርጠው ሁሉም ላይ እንዲመሳሰል አደረጉልኝ። ገንዘብ አልተቀበሉኝም። እሳቸው ከቀሩበት በር እኔ ገባሁ። ዳኛ ሆንኩ፣ ኋላም ጠበቃ። የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ሕግን ከኔ የበለጠ የሚወዱት ሰው በር ላይ ቀርተዋል።

እንግዲህ ምክር ከተባለ፣ አንደኛው ይኸው ነው። ሰነዳችሁን ዛሬ አውጥታችሁ አንዱን ካንዱ አስተያዩ። የስምንተኛ ክፍሉን፣ የአስራ ሁለተኛውን፣ መታወቂያውን። «ኋላ ይስተካከላል» አትበሉ።

ጠንክራችሁ አጥኑ ብዬ ጊዜያችሁን አልወስድም። በ2014 ዓ.ም. አስራ ሁለተኛ ክፍል ከተፈተነው ተማሪ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ያንን ያየ ልጅ ማጥናት እንዳለበት ያውቃል። አንድ ነገር ግን ልበል። ሕግ እንማራለን የምትሉ ልጆች ፍሬሽማን ላይ ሒሳቡን «ምን ያደርግልናል» ብላችሁ ትንቁታላችሁ። ውጤታችሁ ላይ የሚደመረው ግን ሁሉም ነው። ሎጂኩን ደግሞ ከቴሌግራም ሃንድአውት ሸምድዳችሁ ታልፉታላችሁ። ክርክር የሚባለው ነገር የሚጀምረው እኮ እዚያ ነው!

የዛሬ ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ሕግ ብር አለው?» ብሎ ነው። አለው፣ የለውም። አምስት ዓመት ትማራላችሁ፣ ከዚያ የመውጫ ፈተና አለ። እሱ ለሁሉም ተማሪ የመጣው በ2015 ነው፤ የሕግ ተማሪ ግን ከዚያ በፊትም ይፈተን ነበር። ከዚያ በኋላም ፈቃድ አውጥቶ ስም እስኪተከል ድረስ ጥቂት ዓመት በባጃጅ መመላለስ አለ። ቸኩላችሁ ከሆነ ሌላ ሙሉ። ይህን ስል ግን እናንተን ማማት አልፈልግም። እኛ አንድ የሰበር፣ ማለትም የመጨረሻው ችሎት፣ ውሳኔ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ የምንዞረውን፣ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ዳኛው መዝገቡን ሳይገልጡ ከስልኳ ታወጣዋለች። በዚህ ትበልጡናላችሁ።

ቤተሰብ አይምረጥላችሁም እላለሁ። ልጄ ይህን ብታነብ ትስቃለች። ሕግ ግቢ ብዬ አንድ ክረምት ሙሉ ለምኛታለሁ። ፋርማሲ ገባች።

ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት አንድ ቀን ፍርድ ቤት ሂዱና ችሎት ተቀመጡ። በሕግ በዝግ እንዲታይ ካልተባለ በቀር ችሎት ለማንም ክፍት ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው ጉዳዩ በግልጽ ችሎት የመሰማት መብት እንዳለው ይላል። ስልካችሁን አጥፉ፣ ዳኛ ሲገባ ተነሱ፣ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ በሉ። ፊልም ላይ እንደምታዩት አይደለም። አብዛኛው «መጥሪያ አልደረሰም»፣ «ምስክር አልቀረበም»፣ «ለሌላ ቀጠሮ» ነው። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ቤት ሲካሰሱ እናታቸው መሀል ተቀምጠው ታያላችሁ። ያ ከሰለቻችሁ አምስት ዓመት አታባክኑ። «ታዲያ ልጁ ምን መልስ ሰጠ?» እያላችሁ ከወጣችሁ ግን አንደኛ ሙሉት።

ቋንቋውንም አስቡበት። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ጅማ ላይ የምትከራከሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። የፌዴራል ሕጉ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይወጣል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ የሚጸናው አማርኛው ነው። በእንግሊዝኛው ብቻ ተማምኖ ገብቶ አንዲት ቃል ያጋደመችው ጎበዝ ልጅ አይቻለሁ። ሦስቱንም ከአሁኑ ያዙ።

ዘንድሮ ካልደረሳችሁም አታልቅሱ። በሌላ ሙያ ሠርተው፣ ልጅ ወልደው፣ በማታ የተማሩ ጠበቆች እዚህ ከተማ አሉ። አንደኛው የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ሰሞኑን በአንድ የይዞታ ክርክር ካርታውን ከኔ በተሻለ አንብቦ አሸነፈኝ። ይግባኝ ብያለሁ።