ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት፦ ለወጣት ሠዓሊዎች

ውድ ልጆቼ፣

የቤት ኪራይ ከመሐል ከተማ ገፍቶ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ለገጣፎና ወደ ሰበታ ያወጣችሁ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለመጀመሪያ የግል ዓውደ ርዕያችሁ የምትሠሩ ብዙ ናችሁ። ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ ስለ ዋጋና ስለ ጋለሪ ነው። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ ቀኑ መቼ እንደሆነ እጠይቃችኋለሁ።

አብዛኞቻችሁ ጥቅምት ወይም ኅዳር ትሉኛላችሁ። ዝናቡ አባርቷል፣ ሰውም ይወጣል፤ ልክ ናችሁ። ችግሩ፣ ለጥቅምት የሚሰቀለው ሥራ የሚሣለው በክረምት መሆኑ ነው።

የዘይት ቀለም እንደታጠበ ልብስ ውኃው ተንኖ አይደርቅም። ዘይቱ፣ ያው የምናውቀው ተልባ፣ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ብርድ ይህን ያዘገየዋል፤ ከእንጦጦ ጀርባ የሐምሌ ብርድ ምን እንደሚመስል ደግሞ ለሱሉልታ ልጆች አልነግራቸውም። ቀለምም ከቀለም ይለያል፦ ቡናማው አምበር ቶሎ ይደርቃል፤ ካድሚየም ቀይና ቲታኒየም ነጭ ይቆያሉ። በወፍራሙ የተቀባ ቀይ ላዩ ቆዳ ይይዝና የደረቀ ይመስላል። ሸራው ጠርዝ ላይ በጥፍራችሁ ጫን በሉት፤ ምልክቱ ከቀረ ውስጡ ገና ለስላሳ ነው። አንድ ወዳጄ እንዲህ ያሉ ሥራዎቹን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ አይሱዙ ላይ ጭኖ እንጦጦን አቋርጦ ወረደ። ጋለሪው ደርሶ ላስቲኩን ሲገልጥ ቀዩ አብሮ ተላጠ። ፊቱን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ስለዚህ ወፍራሙን የዘይት ሥራ እስከ ግንቦት ጨርሱ። ክረምቱን ለንድፍ፣ ለወረቀት ሥራ፣ ሸራ ለመወጠርና ጄሶ (ከቀለሙ በፊት ሸራው ላይ የሚቀባውን ነጭ የሥር ቅብ) ለመቀባት አውሉት። ጄሶውን ደግሞ አትዝለሉ፤ ዘይት ባዶ አቡጄዲ ውስጥ ከገባ ጨርቁን ውሎ አድሮ ያበሰብሰዋል። ጊዜ ካጠራችሁ የታችኛውን ሽፋን በአክሪሊክ፣ በውኃ በሚበጠበጠውና ቶሎ በሚደርቀው ቀለም፣ ሠርታችሁ ዘይቱን ከላይ በስሱ አድርጉ። ተገላቢጦሹን፣ ማለትም ዘይት ላይ አክሪሊክ መቀባትን፣ አትሞክሩት፤ አይዝላችሁም። ይህም ካልሆነላችሁ ቀኑን ወደ ጥር ወይም የካቲት እንዲያዛውሩላችሁ ጠይቁ። ጋለሪው ቅር ቢለው ቅሬታው ያልፋል፤ የተሰነጠቀ ሥዕል ግን በሰው ሳሎን ስማችሁን ይዞ ይኖራል። ሥራችሁ ከእናንተ በኋላም እንዲቆይ ስለምመኝ ነው ይህን ያህል የምጨቀጭቃችሁ።

ስለ ብርሃንም ልንገራችሁ። የውጭ መጻሕፍት የሠዓሊ መስኮት ወደ ሰሜን ይዙር ይላሉ። ለአውሮፓ እውነት ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። በታኅሣሥ ጸጥ ያለ ብርሃን የሚሰጣችሁ የሰሜን መስኮት በግንቦት ጠዋት ፀሐይ ያስገባል፤ ያመናችሁት ሰማያዊም ሌላ ሆኖ ይታያችኋል። ስስ ነጭ ጨርቅ ጋርዱበት። ያለቁትንም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ ጨለማ ክፍል ውስጥ አታከማቹ፤ የተልባ ዘይት በጨለማ ወደ ቢጫ ያደላል። ከወለሉም በጣውላ ከፍ አድርጓቸው።

ጊዜ ስታገኙ፣ ኮሎኝ ተምሮ በመጣውና በሥነ ጥበብ ት/ቤታችን ባስተማረው በሠዓሊው በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም ወደተሰየመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ሂዱ። ሥዕሎቹን ከፊት ለፊት ብቻ አትዩ፤ ወደ ጎን ቆማችሁ ቀለሙ እንዴት እንደተደራረበ ተመልከቱ። ከብዙ ንግግር ይበልጥ ያስተምራችኋል።

ዋጋ ላይ ብዙ አልልም። ጋለሪ ከሽያጩ እስከ ግማሽ ሊወስድ ይችላል፤ ድርሻውን በጽሑፍ ተዋዋሉ። ቤታችሁ ድረስ ለሚመጣ ገዢም ከጋለሪው ዋጋ አታሳንሱ።

የመጨረሻው ቫርኒሽ፣ ማለትም ሥዕሉን ለመጠበቅ ከላይ የሚቀባው አንጸባራቂ ሽፋን፣ ነው። ወፍራም የዘይት ሥዕል ይህን ሳይቀባ ቢያንስ 6 ወር፣ ቢቻል ዓመት መቆየት አለበት። ለመክፈቻው እንዲያብረቀርቅ ብላችሁ አትቀቡት። ገዢው ከዓመት በኋላ ሥዕሉን ይዞላችሁ እንዲመጣና በነጻ እንድትቀቡለት ደረሰኙ ላይ ጻፉለት።