ቴስታታውን ከማስወረድህ በፊት ቴርሞስታቱ የት እንደገባ ጠይቅ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ቶዮታ ሀይሉክስ፣ 3ኤል የናፍጣ ሞተር፣ ከተማ ውስጥ ሰላም ነው፣ ዳገት ሲጀምር ሙቀቱ ይወጣል፣ ውሃም ትንሽ ትንሽ ይጎድላል። ጋራዡ «ቴስታታው ተሰንጥቋል፣ ይውረድ» አለህ፤ ከሲሊንደሮቹ በላይ ያለውን የሞተሩን ራስ ማለታቸው ነው። አንተ ደግሞ «እሺ ልበላቸው?» ትላለህ። አትበላቸው! ቢያንስ ዛሬ አትበላቸው። የእኔ አባዱላ ሚኒባስ ሞተሩ 5ኤል ነው፤ ከአንተው ሞተር ጋር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ያንተን ችግር እኔ ከነደረሰኙ አውቀዋለሁ።

ቺንጋ (የሞተሩን ቀበቶ) ማጥበቅ፣ ውሃ ማየት ምናምን አላወራህም። እሱን አይተኸዋል ብዬ ነው።

1. ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ኮፈኑን ክፈትና የላይኛውን ማኒኮቶ (ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ) ጨብጥ። ሌሊቱን ሙሉ አድሮም እንደ ኳስ ጠጥሮ ካገኘኸው፣ ወይም የራዲያተሩን ክዳን ስትከፍት «ጢስስ» ካለ፣ ከሲሊንደር የሚወጣ ጋዝ ውሃው ውስጥ እየገባ ነው። ከዚያ ክዳኑን ክፍት ትተህ አስነሳ። መጀመሪያ ላይ ጥቂት አረፋ ቢወጣ አትደንግጥ፣ የተያዘ አየር ነው። ነዳጅ ስትሰጠው ሳያቋርጥ ከተንቦጫቦጨ ግን ጋራዡ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ወይ ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ነው ወይ ቴስታታው። ዘይቱንም እየው፤ ማኪያቶ ከመሰለ ክርክር አያስፈልግም። ከዚህ ሁሉ አንዱም ከሌለ ማንም ቴስታታህን እንዳይነካብህ።

2. መቼ እንደሚሞቅ ልብ በል። ቆመህ፣ የመኪና ሰልፍ ውስጥ ከሞቀ የራዲያተሩን ቬንትሌተር ጠርጥር። ዳገት ላይ ወይም ጭነት ላይ ከሞቀ ውሃው እንደሚገባው እየዞረ አይደለም። ወይ ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ ወይ የውሃ ፓምፑ ደክሟል፣ ወይ የቴርሞስታት (እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋው በር) ጉዳይ ነው። ያንተ ሁለተኛው ነው። የእኔም ሁለተኛው ነበር። መካኒኬ ግን «መቼ ነው የሚሞቀው?» ብሎ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።

በ2013 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ እሠራ ነበር። መኪናው መሞቅ ሲጀምር ሰፈር ያለ መካኒክ ጋ ወሰድኩት። አሥር ደቂቃ እንኳን አልፈጀበትም። ብሎኖቹን ፈታ፣ ቴርሞስታቱን አወጣ፣ ጥግ ላይ ያለ ባልዲ ውስጥ ወረወረው። «ይሄ ለፈረንጅ አገር ብርድ ነው የተሠራው፣ እኛ ጋ ምን ያደርጋል?» አለኝ። ሳቅሁ። ከሒሳቡ ላይ ጉርሻ ጨምሬለት ወጣሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ እውነትም ቀዘቀዘ። በሦስተኛው ሳምንት ከጎሐ ጽዮን ወርጄ፣ ዓባይን ተሻግሬ፣ ወደ ደጀን መውጣት ጀመርኩ። መንገዱን ታውቀዋለህ፤ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው፣ ከሥሩ ያለው በረሃ ደግሞ እሳት ነው። ሰው ሞልቻለሁ። በሁለተኛ ማርሽ እየጎተትኩ ነው። የሙቀት መርፌው ከመሃል ተነስቶ ወደ ቀዩ ተጠጋ። ላቁም አላቁም ስል መርፌው ወረደ። ዝቅ ብሎ ቁጭ አለ። «ተመስገን፣ በረደ» ብዬ ነዳሁ።

አልበረደም። ውሃው አልቆ ነው። ሴንሰሩ ውሃ ካልነካው ምኑን ይለካል? ባዶ ላይ ቁጭ ብሎ «ቀዝቃዛ ነው» ይልሃል። ሁለት ኪሎ ሜትር ሳልሄድ ጉልበቱ ከዳኝ፣ ከወንበሬ ሥር የተቃጠለ ሽታ መጣ፣ ሞተሩ በራሱ ጠፋ። እኔ ተሳፋሪ ሳወርድ ረዳቴ፣ ቅን ልጅ ነው፣ ጀሪካኑን አንስቶ ቀዝቃዛውን ውሃ ራዲያተሩ ውስጥ ገለበጠው። ከውስጥ «ጧ!» ሲል ሁላችንም ሰማን።

ተጎትቶ አዲስ አበባ ገባ። ዘንድሮ አልሸወድም ብዬ አንድ ትልቅ ጋራዥ ወሰድኩት፣ ስሙን አልጠራም። ቴስታታው በቫልቮቹ መሃል ተሰንጥቆ አገኙት። «እሺ፣ መጀመሪያውኑ ለምን ሞቀ?» ብዬ ጠየቅኩ። ኃላፊው ከስልኩ ቀና ሳይል «አንተ ሹፌር ነህ ወይስ መካኒክ?» አለኝ። ሰው ፊት! ዝም አልኩ። አዲስ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ የእጅ ዋጋ፣ ተደምሮ 78 ሺህ ብር። ሃያ ሁለት ቀን ያለ ሥራ መቆሙን ሳልቆጥር ነው።

መኪናዬን ተቀበልኩ። ደጀን ዳገት ላይ እንደገና ሞቀ።

አሁን ግን መርፌውን ስለማላምነው ቶሎ አቆምኩ። እያሳረፍኩ ደጀን አወጣሁት። እዚያ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አገኘሁ። ምንም ሳይፈቱ «ቴርሞስታት አለው?» አሉኝ። «ወጥቷል፣ ጋሼ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ የዚህ ሞተር ቴርሞስታት ሁለት በር ነው። አንዱን ሲከፍት ሌላውን ይዘጋል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል። ከሥሩ ያለችው ትንሽ ሳህን ደግሞ ውሃው ራዲያተር ሳይነካ ወደ ሞተር የሚመለስበትን አቋራጭ ትዘጋለች። ካወጣኸው አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ከፈላው ውሃ ከፊሉ ሳይበርድ ተመልሶ ይገባል። ሜዳ ላይ አታውቀውም። ዳገት ላይ ግን ታውቀዋለህ።

የሚያቃጥለኝ ምን መሰለህ? ያ ትልቅ ጋራዥ ቴስታታ አውርዶ ሲመልስ የቴርሞስታቱን ቤት በእጁ ይዞታል። ባዶ መሆኑን አይቶ፣ ባዶውን መልሶ ዘጋው። ሹፌር ነህ ወይስ መካኒክ ያለኝ ሰውዬ!

3. ሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ ያለው የመኪና መለዋወጫ ገበያ) ሄደህ ቴርሞስታት ስትገዛ ያችን የታች ሳህን ፈልግ። ርካሾቹ አንዳንዴ ጭራሽ የላቸውም። ላዩ ላይ የተጻፈውን ዲግሪም አንብብ። 82 ከሆነ ቤትህ ድስት ውስጥ ልትሞክረው ትችላለህ፤ ውሃው ሳይፈላ መከፈት ይጀምራል። 88 የሚል ከሆነ ግን «አልከፈት አለ» ብለህ ከሻጭ ጋር እንዳትጣላ። እኔ ተጣልቼ አፍሬ ተመልሻለሁ። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ድስቱ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚከፈትበት ሙቀት ላይ አይደርስም።

ይሄው የከፍታ ነገር ስለ ክዳኑም ያስታውሰኛል። የራዲያተር ክዳን ውሃውን አፍኖ በግፊት ይይዘዋል፤ 0.9 (የግፊቱ ቁጥር ነው) የሚለው ደህና ክዳን እዚህም ቢሆን ከ110 ዲግሪ በፊት እንዲፈላ አይፈቅድለትም። የክዳኑ ማሸጊያ ጎማ ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ግን 92 ላይ ይፈላና ይተፋል። «ውሃ ትንሽ ትንሽ ይጎድላል» ያልከው እኮ ይሄ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ እሱን ቀይር። ከዚያ ፓምፑ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በባትሪ እያት፤ የደረቀ የውሃ ምልክት ከታየ ፓምፑ ነው።

ራዲያተሩን በእጅ ነው የምታውቀው። ሞተሩ ሲሞቅ አጥፋውና ፊቱን ዳብሰው (አጥፋው አልኩህ፣ ቬንትሌተር ጣት አይምርም)። መሃሉ ቀዝቃዛ ከሆነ ተደፍኗል። የእኔ ከቴርሞስታቱ በኋላም ትንሽ ይሞቅ ነበር። ራዲያተር ቤት ታንኩን ፈትተው በሽቦ ሲጠርጉት ግማሹ በነጭ ጠጠር ተሞልቶ ነበር። መንገድ ላይ ካገኘሁት ወንዝ ሁሉ የቀዳሁት ውሃ ነው። አሁን የማደርገው ኩላንት (ለራዲያተር የተሠራ ፈሳሽ) ብቻ ነው። ስትሞላ ሂተሩን ከፍተህ፣ ቀስ እያልክ፣ አየሩ እስኪወጣ ጠብቅ።

ዛሬ ማታ ሞተሩ ሲበርድ የቴርሞስታቱን ቤት ክፈትና ያገኘኸውን ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ። ባዶ ከሆነ ጋራዡ ሄደህ ማን እንዳወጣው ጠይቅልኝ። «አንተ ሹፌር ነህ ወይስ መካኒክ?» ካሉህ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ።