ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ለዓመታት ያልታከምኩት የወገብ ሕመም በመዝገብ ይደገፋል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ በአሜሪካ ጦር ውስጥ በመካኒክነት አገልግያለሁ። ኢራቅ ሳለሁ ከከባድ መኪና ላይ ወድቄ ወገቤን ተጎዳሁ። ከተሰናበትኩ በኋላ ለስምንት ዓመታት ሐኪም ዘንድ ሳልሄድ አይቡፕሮፌን እየገዛሁ ስውጥ ኖርኩ። የግል ሐኪም ማየት ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። አሁን ለቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ለቪኤ፣ የአካል ጉዳት ካሳ ላመለክት አስቤአለሁ። የግል ሐኪሜ መዝገብ ይጠቅመኛል ወይ? አንዳንድ ገጾች «ሕመምተኛው ደህና ነው» ስለሚሉ እነሱን ባስቀራቸው ይሻላል? ጓደኞቼ ደግሞ «የቪኤ ምርመራ እስኪያልፍ ሕክምናውን አቁም» ይሉኛል። ሰሞኑን ቀኝ እግሬ መደንዘዝ ጀምሯል።

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ወረቀት ቢሆንም፣ ከደብዳቤዎ ውስጥ ጎልቶ የሚሰማኝ «ስምንት ዓመት ዝም ብዬ ዛሬ አመመኝ ብል ማን ያምነኛል?» የሚለው ስጋት ነው። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር። ለዓመታት አለመታከም ማመልከቻን ያከብደዋል እንጂ አይዘጋውም። ቪኤ በመሠረቱ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ዛሬ ያለ በምርመራ የታወቀ ሕመም፣ በአገልግሎት ዘመን የደረሰ ጉዳት ወይም ሕመም፣ እንዲሁም ሁለቱን የሚያገናኝ ማስረጃ። የግል ሐኪምዎ መዝገብ የመጀመሪያውን በደንብ ይሸፍናል፤ ሐኪሙ ምክንያቱን አስረድቶ ከጻፈበት ደግሞ ሦስተኛውንም ይደግፋል። ባዶውን ዘመን በተመለከተ፣ ወገብዎን ይዘው ከአልጋ ሲነሱ ያየችዎ ባለቤትዎ፣ ዕቃ ማንሳት እንዳቃተዎ የሚያውቅ የሥራ ባልደረባዎ፣ አብሮዎት የዘመተና ሲወድቁ ያየ ጓደኛዎ በቅጽ 21-10210 የምስክርነት ቃላቸውን ሊሰጡ ይችላሉ። ማስረጃው ለሁለቱም ወገን እኩል ሲያመዝን ሕጉ ውሳኔው ለአመልካቹ እንዲሆን ያዛል።

«ደህና ነው» የሚሉትን ገጾች አያስቀሩ። ቅጽ 21-4142ን ከፈረሙ ቪኤ መዝገቡን ራሱ ከክሊኒኩ ይጠይቃል፤ እርስዎ ያጎደሉት ገጽ በዚያ በኩል ሲመጣ ጥርጣሬ የሚያጭረው ገጹ መጉደሉ ነው። ለመሆኑ ገጹ ምን ይላል? ለጉንፋን በሄዱበት ቀን ነርሷ «እንዴት ነዎት?» ስትልዎ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብለዋል፤ እሷም ያንኑ ጻፈች። ከሥሩ የተሰለፈው «የወገብ ሕመም የለም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም የለም» የሚለው ዝርዝርም ብዙ ጊዜ ከኮምፒውተሩ የተዘጋጀ ቅጽ የሚመጣ ነው። መዝገብ የሚያነብ ሰው ይህን ያውቃል። እውነተኛ ስሕተት ካለ፣ ለምሳሌ የታመመው ጎን ተቀያይሮ ከተጻፈ፣ እንዲታረም በጽሑፍ የመጠየቅ መብት አለዎት። ሐኪምዎን «የድሮውን ማስታወሻ ለውጥልኝ» ማለት ግን ከቶ አይሞክሩ፤ እሱንም እርስዎንም የሚያጠፋ ነው።

አሁን በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ወደ ጣሏት አንዲት ዐረፍተ ነገር ልመለስ፤ ከሁሉም በላይ ያሳሰበችኝ እሷ ናትና። የእግር መደንዘዝ ማለት ከአከርካሪ የሚወጣ ነርቭ እየተጫነ ሊሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ ዲስክ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ፣ ተንሸራትቶ አንዱን ነርቭ ሲነካ የሚሆን ነው፤ አብዛኛው ሰውም ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። ነገር ግን ዲስኩ በአከርካሪው ግርጌ ተሰብስበው የሚወርዱትን ነርቮች በአንድነት ከጨፈለቀ ጉዳዩ ሌላ ነው። ስላልጻፉልኝ እጠይቅዎታለሁ፤ ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው ቦታ፣ ማለትም በብልትና በፊንጢጣ ዙሪያ እንዲሁም የጭንዎ ውስጠኛ ክፍል ደንዝዟል? ሲታጠቡ የእጅዎ ንክኪ እንደ ወትሮው አይሰማዎትም? ሽንት ቤት ቆመው ሽንቱ አልጀምር ይላል፣ ወይስ ፊኛዎ ሞልቶ ሳለ ስሜቱ የለም? ሰገራ ሳያውቁት ያመልጥዎታል? ሁለቱም እግሮችዎ እየደከሙ ነው? የግብረ ሥጋ ስሜትዎ በድንገት ጠፍቷል? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ለክሊኒክም አይደውሉ፤ ዛሬውኑ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ሄደው ምልክቱን በግልጽ ይናገሩ። አስቸኳይ ኤምአርአይ፣ ማለትም በማግኔት የሚነሳ የውስጥ አካል ምስል፣ ያስፈልጋል፤ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገም ጊዜው የሚቆጠረው በሰዓት ነው። ሲዘገይ ሽንትን የመቆጣጠር ችሎታ ላይመለስ ይችላል። ብዙ ወንዶች ይህን መናገር ያሳፍራቸዋልና ስለ ወገባቸው ብቻ አውርተው ይወጣሉ። እባክዎ እንዲህ አያድርጉ። ምልክቱ ዛሬ ባይኖርና ነገ ቢመጣም ትእዛዙ ያው ነው።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ይረጋጉ፤ ሆኖም በዚህ ሳምንት ሐኪምዎ ዘንድ ይቅረቡ። «ሕክምናውን አቁም» ያሉዎትን ጓደኞችዎን ግን አይስሟቸው። ሕክምና ማቋረጥ ነርቭዎን ለአደጋ ከማጋለጡም በላይ ማመልከቻዎን ይጎዳል፤ ሕመሙ ቀጣይ መሆኑን የሚያሳየው ተከታታይ መዝገብ ይቋረጣልና። ካሳ ለማግኘት ሲሉ ይበልጥ መታመም ምን ዓይነት ስሌት ነው? ለስምንት ዓመት ስለዋጡት አይቡፕሮፌንም ዝም ማለት አልችልም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠው አይቡፕሮፌን በቀን ከ1,200 ሚሊግራም እንዳያልፍ፣ ለሕመም ማስታገሻም ከ10 ቀን በላይ እንዳይወሰድ በራሱ ማሸጊያ ላይ ተጽፏል። ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ሐኪምዎ የኩላሊትና የደም ምርመራ ያዝልዎት፤ ስንት እንደሚውጡም ሳይቀንሱ ይንገሩት፤ እውነተኛው መጠን መዝገቡ ላይ ይስፈር።

በዚያ ቀጠሮ ሐኪምዎ «የወገብ ሕመም አለው» ብሎ ብቻ እንዳያልፍ ይርዱት። ስንት ደቂቃ መቀመጥ እንደሚችሉ፣ ጎንበስ ሲሉ የት ላይ እንደሚይዝዎ፣ ሲብስብዎ ስንት ቀን እንደሚያስተኛዎና ከሥራ እንደሚያስቀርዎ ይንገሩት፤ ወገብዎ የሚታጠፍበትን መጠን በዲግሪ ለክቶ እንዲጽፍም ይጠይቁት፤ የወገብ ጉዳት ደረጃ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ልኬት ነውና። ሕመሙን ከአገልግሎትዎ ጋር የሚያገናኝ ደብዳቤ ለመጻፍ ፈቃደኛ ከሆነ፣ የጦር ሠራዊት የሕክምና መዝገብዎን አስቀድመው ይስጡትና አንብቦ መጻፉን ይግለጽ። «ሊሆን ይችላል» የሚል ቃል ሚዛን አይደፋም። የሚፈለገው «የመሆን ዕድሉ ካለመሆኑ አያንስም» የሚል አስተያየትና ለምን እንዲህ እንዳለ የሚያስረዳ ምክንያት ነው። ባያምንበት አይጫኑት።

የመዝገብዎን ሙሉ ቅጂ፣ የኤምአርአይ ንባቡንና የፊዚዮቴራፒ ማስታወሻዎቹን ጨምረው፣ በጽሑፍ ይጠይቁ። ክሊኒኩ በመደበኛው በ30 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት። ይህን ሲያሰባስቡ ቀን እንዳይሄድብዎ የማመልከት ፍላጎትዎን ዛሬ በቅጽ 21-0966 ያስመዝግቡ፤ ሙሉውን ማመልከቻ እስኪያስገቡ አንድ ዓመት ይሰጥዎታል፣ ከተፈቀደልዎም ክፍያው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊታሰብልዎ ይችላል። ቪኤ ዕውቅና የሰጣቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ተወካዮች በነፃ ያግዙዎታልና ለመጀመሪያ ማመልከቻ ገንዘብ የሚጠይቅዎን ሰው ይራቁ። ቪኤ ለምርመራ ሲጠራዎ አይቅሩ። በዚያ ክፍል ውስጥም ሳያጋንኑ፣ ነገር ግን «ደህና ነኝ» ሳይሉ፣ የከፋው ቀንዎ ምን እንደሚመስልና በወር ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ይንገሯቸው።